መብራቱን ራሷ ያጠፋችው ዶርቃ

እህት ዶርቃ ሳውላ ላይ የራሷን ማተሚያ ቤት ከፈተች የሚለውን ወሬ ያመጣልን የሳውላ አውቶቡስ ረዳት ነው። ከመናኸሪያ የሚመጣ ወሬ ግማሹ ውሸት ነው፣ ግማሹ ደግሞ የተጋነነ። ይሄኛውን ግን ልጁ አፉን ሳይከድን አመንኩት። ሌሎቹ እንዴት ብቻዋን፣ በዚያ መብራት፣ በዚያ መንገድ እያሉ ሲንጫጩ እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። የማተሚያ ቤታችን ባለቤት ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና "ተፎካካሪ አሳደግን ማለት ነው" አሉ። ቅር ያላቸው መስለው ነው የተናገሩት፤ ፊታቸው ግን ልጁን የዳረ አባት ፊት ነበር።

እንግዲህ ስለ ዶርቃ ከኔ የተሻለ የሚያወራ ሶዶ ውስጥ የለም። ስለ ሌላም ነገር ከኔ የተሻለ የሚያወራ ያለ አይመስለኝም፣ ዛሬ ግን ስለ ዶርቃ ነው።

ስሜ ጴጥሮስ ነው፣ ፕሌት ክፍል ነው የምሠራው። ፕሌት ማለት ጽሑፉ መጀመሪያ የሚያርፍበት ስስ ቆርቆሮ ነው፤ ማሽኑ ከሱ ላይ እያነሳ ነው ወረቀት ላይ የሚያትመው። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ተውኩት። ትምህርቱ ነው የተወህ የሚሉኝ ቀናተኞች አሉ፣ ግድ የለም። ከአረካ እስከ በዴሳ እንደኔ ፕሌት የሚያጥብ ካለ ይምጣ፣ እሱንም አጥቤ እልከዋለሁ።

ዶርቃ የኮምፒውተር ክፍሉ አለቃ ነበረች። ረጅም ናት፣ ድምጿም እንደ ቁመቷ ነው። ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ከኋላ ቆማ ከፊቷ ያሉትን ወንዶች በድምጿ ትውጣቸዋለች። የማተሚያ ማሽኑ እየጮኸ እሷ ከውስጥ "ጴጤ" ካለች ግቢው በር ላይ ብሆንም ይሰማኛል። ዳጣ፣ ያንን የሚያቃጥል የቃሪያ ድልህ፣ ትወዳለች። ሥጋ ላይ ብቻ መሰላችሁ? ዳቦም በዳጣ ነው፣ ቦይና የምንለው ሥራ ሥርም በዳጣ ነው፣ ብስኩት በዳጣ ስትበላ በዓይኔ አይቻለሁ። ብልቃጡ ኪቦርዱ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ ኢንተር የሚባለው ቁልፍ ቀልቶ ቀርቷል።

ሌላው ጠባይዋ ወረቀት ማጠፍ ነው። የባጃጅ ላይ ማስታወቂያ ይሁን፣ የሰርግ ጥሪ ይሁን፣ እጇ ከገባ ያልቃል። ታጥፈዋለች፣ እንደገና ታጥፈዋለች፣ ትንሽ መጽሐፍ ታደርገዋለች። ለምን መሰላችሁ? መጽሐፍ ሲታተም ገጾቹ ትልቁ ወረቀት ላይ በተራ አይደለም የሚቀመጡት። የመጀመሪያው ገጽ ከመጨረሻው ጎን ይተኛል፣ አንዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሌላው ተዘቅዝቆ ይቆማል። ያየው ሰው ያበደ ሰው ሥራ ነው የሚለው። ወረቀቱ ታጥፎ ሲቆረጥ ግን ሁሉም ተራውን ይይዛል። ያንን ሰልፍ ዶርቃ በጭንቅላቷ ታውቀዋለች። አንድ ገጽ የት ነው የሚተኛው ብለህ ከጠየቅካት ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ጣቶቿ አየር ላይ ወረቀት ያጥፋሉ፣ ከዛ ትነግርሃለች።

ይሄንን ሰልፍ ኮምፒውተር ላይ የሚያስይዝ፣ ቀለሞቹን የሚለያይ፣ ከዛ ወደ ፊልም ማውጫው ማሽን የሚልክ ፕሮግራም ነበረን፤ ፊልም የምንለው ጽሑፉ ወደ ፕሌቱ የሚቀዳበት ብርሃን አስተላላፊ ላስቲክ ነው። ጡረተኛው እንለዋለን። የሚሠራ ይሠራል፤ መብራት ከጠፋ ግን ሁሉን ይረሳል። መብራቱ ሲመጣ ከሀ ጀምረህ ማሰለፍ ነው። ሶዶ ላይ ደግሞ መብራት ቀን በቀን ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ዶርቃ ከሌለች ሥራ የለም ማለት ነው። ያኔ ከተማው ሁሉ አንድ ለአምስት ይደራጅ በሚባልበት ጊዜ ነው፤ እኛ ግን ሁላችንም ለአንድ ዶርቃ ነበር የተደራጀነው። እሷም ታውቀዋለች፣ ደስ ይላታል። ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ዳሞታ ተራራ የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

አንድ ጊዜ እህቷ ልትወልድ ስለሆነ አረካ ሄደች። በመሀል መብራት ጠፋ፣ ጡረተኛው ረሳ፣ የመዝሙር መጽሐፍ ግማሽ ላይ ቀረ። የጋሽ ደምሴ የእህት ልጅ ሱራፌል ነው ገጾቹን ያሰለፈው። ሱራፌል ኮምፒውተር ተምሮ የመጣ ልጅ ነው፣ ጭምት ነው፣ ሲናገር ለኮሌታው ነው የሚነግረው። አሰለፈ፣ አተምን፣ ጠረዝን፣ አስረከብን። መጽሐፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተው ሰርግ ላይ ነው። ሙሽሮቹ ሲገቡ መዘምራኑ የደስታውን መዝሙር ጀመሩ፣ ሁለተኛው አዝማች ላይ ገጽ ገለጡ፣ የቀብር መዝሙር ውስጥ ገቡ። መቼም የኛ ሰው መዝሙር ከጀመረ አያቆምም፣ እስከ መጨረሻው ዘመሩት። ሙሽሪት አለቀሰች። የሙሽራው ዘመዶች በደስታ ነው ብለው እልል አሉ።

በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ጋሽ ደምሴ ዘንድ መጡ። አልተቆጡም፣ የሚያስፈራው እሱ ነው። ለትልቁ ጉባኤ በሁለት ቋንቋ፣ አንዱ ገጽ ወላይትኛ አንዱ አማርኛ፣ ወፍራም የመዝሙር መጽሐፍ ሊያሳትሙ ነው። ተስፋ ካለን እዚሁ፣ ከሌለን ሐዋሳ እንወስደዋለን አሉ፣ አመስግነው ወጡ። ነገሩ ሁላችንንም ገባን። ያ መጽሐፍ ሐዋሳ ከሄደ ሌላው ሥራም ተከትሎት ይሄዳል፣ እኛ የሰርግ ጥሪ እያተምን ልንቀር ነው።

ጋሽ ደምሴ ከአዲስ አበባ ሻጭ አስጠሩ። ሰውየው ከረባቱን አስሮ መጣ፣ ጫማው የሶዶን አቧራ ገና አልቀመሰም። ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ጡረተኛውን ማደስ ነው፣ ያው ራሱ ፕሮግራም አዲስ እትሙ። ሁለተኛው ጡረተኛውን ጥሎ ሌላ ፕሮግራም ማስገባት ነው። ሁለተኛውን ወዲያው ሙሽራው አልነው። ሱራፌል ሙሽራው ይግባ አለ፣ ለኮሌታው። ዶርቃ ጡረተኛው ይታደስ አለች፣ ለሰፈሩ ሁሉ። ጋሽ ደምሴ መሀል ላይ ፍፁም ቅጣት ምት እንደሚጠብቅ በረኛ ወዲህ ወዲያ ይላሉ።

ሻጩ ሙሽራውን ከፈተና የራሱን ናሙና አሳየን። የፏፏቴ ፎቶ ነው፣ ቀለሙ ልብ ይሰርቃል፣ ገጾቹ በራሳቸው ጊዜ ተሰለፉ። አፋችንን ከፈትን። ዶርቃ ብቻ አልከፈተችም።

"ኢሻው" አለችው፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፣ "ይሄ ያረሰው በማን መሬት ነው?"

ሰውየው አልገባውም። እኛ ግን ገብቶናል፣ ይቺን ጥያቄ ስለ ጫማም ስለ ባልም ስትጠይቃት ነው የኖረችው። አባቷ በዴሳ ገበያ የበሬ ነጋዴ ነበሩ። እሳቸው በሬ ሲሸጡ ገበያ ላይ አይጨርሱም፤ ገዢው በሬውን ይወስዳል፣ የራሱ ማሳ ላይ ያርስበታል፣ ካረሰለት በኋላ ነው ነገሩ የሚያልቀው። ገበያ ላይ የቆመ በሬ ሁሉ ያምራል ይሉ ነበር አሉ። ዶርቃ ይሄን ለሻጩ አስረዳችውና የኛን መሬት አቀረበችለት። የጉባኤውን መጽሐፍ ማለት ነው፤ አንዱ ወጣት በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ሌላው በሌላ ዓይነት የተየበው፣ ግማሹ ቫይረስ ካለበት ፍላሽ የተገለበጠ።

መጀመሪያ የታደሰው ጡረተኛ ተሞከረ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ዶርቃ ከወንበሯ ተነሳች፣ በሩ ጋ ሄደች፣ ዋናውን ማብሪያ ቀጭ አደረገችው። ማሽኑ ሁሉ ፀጥ አለ።

"መብራት ሄደ" አለ ሻጩ።

"አልሄደም፣ እኔ ነኝ የላክሁት" አለችው።

መልሳ አበራችው። ጡረተኛው ታድሶም ጡረተኛ ነው፣ ሰልፉን ረስቶታል። ዶርቃ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጣቶቿ አየሩን አጠፉ፣ ከዛ ኪቦርዱ ላይ ወረደችበት። ሻጩ ውሃውን ጠጥቶ ሳይጨርስ ሰልፉን መልሳ አቆመችው። አጨበጨብን። ቀጥሎ ሙሽራው ተሞከረ፣ ዶርቃ አሁንም ማብሪያውን ቀጭ። መብራቱ ሲመለስ ሙሽራው ምንም እንዳልተፈጠረ ካቆመበት ቀጠለ። ሱራፌል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሩ ዘለለ። ፊልሙ ሲወጣ ግን ወላይትኛው ጥሩ ነው፣ አማርኛው ሳጥን በሳጥን ሆኗል፤ ፊደል ሳይሆን የኮብልስቶን መንገድ ነው የሚመስለው። ሱራፌል ጆሮው ቀልቶ ተቀመጠ። ጋሽ ደምሴ በቃ ጡረተኛው ይታደስ አሉ። ለዶርቃ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ፣ ጩኸት ላይ ደግሞ ማንም አይችለኝም።

እሷ ግን አልሳቀችም። ምሳ ሰዓት ላይ የዳጣውን ብልቃጥ አልከፈተችም። ያኔ አንድ ነገር እንዳለ አወቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሁላችንም በተሰበሰብንበት ጋሽ ደምሴ ፊት ቆመች።

"ጋሼ፣ የትናንቱ ፍርድ ልክ አይደለም።"

"አሸንፈሽ የለም እንዴ፣ ዶርቃ?"

"እኔማ አሸንፌያለሁ። ጡረተኛው ግን ወድቋል። እሱ ሲወድቅ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ እናንተ ለኔ አጨበጨባችሁና ለሱ ፈረዳችሁ።"

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ። እሷ ወደ ሱራፌል ዞረች፤ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ያኔ ነው ያየኋት።

"አረካ የሄድኩ ጊዜ መዝሙሩ የተደባለቀው ይሄ ልጅ ስላልቻለ አይደለም። ማተሚያ ቤቱን በጭንቅላቴ ይዤው ስለሄድኩ ነው።"

ሱራፌል ከዛ ሰርግ ወዲህ ቀና ብሎ አያውቅም ነበር፣ ያኔ ቀና አለ። ጋሽ ደምሴ የአማርኛውስ ሳጥን አሏት። የአባቷን አባባል ጠቀሰችላቸው፤ አዲስ በሬ የነጂውን ጥሪ እስኪለምድ አልታዘዝ ይላል፣ ሰነፍ ነው ተብሎ ግን አይመለስም። አንድ ሳምንት ስጡኝ አለች፣ ሰጧት።

ያን ሳምንት ያላየ ምን አየ? ዶርቃ፣ ያቺ ዳሞታ፣ ዱካ ጎትታ ሱራፌል ሥር ተቀመጠች። "ቲቸር" ትለዋለች። እሱ መጀመሪያ የምትቀልድበት መስሎት ላብ አጠመቀው፤ በሦስተኛው ቀን ግን "አይ፣ እንደሱ አይደለም" ብሎ እጇን ከማውሱ ላይ ሲያነሳ አየን። ሥራ አቁመን ተያየን። በእጇ ትመታዋለች ብለን ጠብቀን ነበር፣ "እሺ ቲቸር" አለችው።

ሳጥኑ ለምን እንደመጣም ደረሱበት። ጡረተኛው ፊደሉን ከራሱ ከኮምፒውተሩ ጓዳ ነው የሚበላው። ሙሽራው ግን ፊደሉ ከገጹ ጋር እንደ ስንቅ ታስሮ እንዲመጣለት ነው የሚፈልገው። እኛ ደግሞ አማርኛውን ያለ ስንቅ ነው መንገድ ያስወጣነው። ስንቁን አሰሩለት፣ አማርኛው ጥርት ብሎ ወጣ።

ለሁለተኛው ሙከራ ሻጩ ተመልሶ መጣ፣ ጫማው አሁን እንደኛ ሆኗል። ዶርቃ ከቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎችም ዋነኛውን አስጠራች። ሰውየው ኦቶና ሆስፒታል የታመመ ሊጠይቁ ሄደው በዛው የመጡ ናቸው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። የሚወስኑት እሳቸው እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን።

"ዛሬ እኔም ሱራፌልም አንነካም" አለች ዶርቃ። "ጴጤ ነው የሚነዳው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ደምሴ ጴጥሮስ እኮ ሞባይሉን በልጆች ነው የሚያስተካክለው አሉ። ውሸት ነው፣ አንዴ ብቻ ነው።

"ለዛ ነው እኮ" አለች። "ጴጤ ከቻለ የማይችል የለም።"

ይሄ ስድብ ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ ሹመት ነው ብዬ ነው የወሰድኩት። ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ፤ ወንበሩ ራሱ ሰው ያሰፋል። ከመቀመጤ በፊት ለደቂቃዎች የት የት እንደሚነካ አሳየችኝ፣ ከዛ ወደ በሩ ሄደች። ገጾቹን አስገባሁ፣ ስንቃቸውን አሰርኩ፣ ላክሁ። ማውሱን ሳተ ያለ ሰው ካለ ይዋሻል፣ የሸሸው ማውሱ ነው። ግማሽ ላይ ማብሪያው ቀጭ አለ፣ ይሄን ጠብቄዋለሁ። መብራቱ መጣ፣ ሙሽራው ካቆመበት ቀጠለ፣ እኔም ዞሬ ሕዝቡን በኩራት አየሁ። እየኮራሁ እያለ ደግማ ቀጭ አደረገችው። ይሄን ማንም አልጠበቀም። ሻጩ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። መብራቱ ተመለሰ። ሙሽራው ትንሽ አሰበ፣ ከዛ ቀጠለ።

ፊልሙ ወጣ፣ ፕሌቱን ራሴ አጠብኩ፣ አንድ ወረቀት አተምን። ዶርቃ ወረቀቱን ተቀበለች። አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው፣ በቢላ ቆረጠችው፣ ትንሿን መጽሐፍ ለሽማግሌው በሁለት እጇ ሰጠች። እሳቸው መነጽራቸውን አደረጉና አላነበቡም፣ መዘመር ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ በአፍንጫቸው። ገጹ አለቀ። ገለጡት። መዝሙሩ ቀጠለ። ደግመው ገለጡት፣ ቀጠለ። እስከ መጨረሻው ዘመሩትና ባርኔጣቸውን አደረጉ።

"ሐዋሳ ሩቅ ነው" አሉ። "እዚሁ ይታተም።"

ጋሽ ደምሴ "ሙሽራው ይግባ" አሉ። ዶርቃ የዳጣዋን ብልቃጥ ከፈተች፣ ዳቦ ነከረች፣ ሱራፌልን አጎረሰችው። ልጁ አለቀሰ። ይሄኛው በደስታ ነው እንዳልል ዳጣው ነው፣ ዳጣው ነው እንዳልል ደግሞ ከዋጠም በኋላ አላቆመም።

የጉባኤው ቀን ሁላችንም ሄድን፣ ጋሽ ደምሴ ሳይቀሩ፣ በበዓል ልብሳቸው። ግቢው ሞልቶ ሰው አጥር ላይ ተንጠልጥሏል። ዶርቃ መዘምራኑ መሀል ከኋላ ቆማለች። መዝሙሩ ተጀመረ፣ ግማሹ ሰው በወላይትኛ፣ ግማሹ በአማርኛ። ገጹ ሲያልቅ ያ ሁሉ ሕዝብ እኩል ገለጠ። ያንን ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዝናብ ባህር ዛፍ ላይ ሲደርስ ያለው ድምፅ ነው። ከዛ ማንም ሳይደናበር፣ ማንም ወደ ቀብር ሳይገባ፣ መዝሙሩ ቀጠለ። ዶርቃ ከዛ ሁሉ ሰው መሀል እኛን ፈልጋ አገኘችን። መጽሐፏን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ አሳየችን፣ ድምጿንም እንደዛው ከፍ አደረገችው። አጠገቤ የቆመውን ሰው ያንን ፕሌት ያጠብኩት እኔ ነኝ አልኩት። ዝም በል አለኝ። ለሌላኛውም ነገርኩት።

ዓመት ሳይሞላ ባሏን፣ ወንጌላዊ ነው፣ ሳውላ መደቡት። የመጨረሻዋ ቀን ዶርቃ ሁላችንንም እየዞረች ስትሰናበት ኮምፒውተሩ ክፍል ሱራፌል ሥራ ላይ ነው፣ እኔ ፕሌት ላይ ነኝ፣ ማሽኑ ይሽከረከራል። በሩ ላይ ቆማ አየችን። እኔ ስሄድ ማሽኑ ቢያንስ ለምሳ ያህል ይቆማል ብዬ ነበር አለች፣ የተቀየመች መስላ። ከዛ ያ ሳቋ መጣ፣ ማሽኑን የሚውጠው ሳቅ። ብልቃጡን ለሱራፌል ተወችለት። እስከ ዛሬ ኪቦርዱ አጠገብ ነው፣ ዳጣውን አይበላውም፣ ግን ማንንም አያስነካም።

አሁን ወደ ረዳቱ ልመለስ። ልጁ ወሬ ብቻ አይደለም ያመጣው። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፣ ታጥፎ ታጥፎ ትንሽ መጽሐፍ የሆነ፣ ውስጡ ፍላሽ አለ። ዶርቃ የገዛችው ማተሚያውን ብቻ ነው፣ ፊልም ማውጫ ገና የላትም፤ የመጀመሪያ ሥራዋን ፊልም እኛ እንድናወጣላት ነው የላከችው። የትምህርት ቤት መጽሔት ነው። ጋሽ ደምሴ ተፎካካሪ ቢሉም ቅድሚያ ስጡት ብለው ወደ አዲስ አበባ ለወረቀት ግዢ ሄዱ። ሱራፌል እረፍት ወጥቶ ነበር። ሠራሁት። መሀል ላይ መብራት ጠፋ፣ የእውነቱ መብራት፤ ሲመጣ ሙሽራው ቀጠለ። ፊልሙን ጠቅልዬ በዛው አውቶቡስ ላክሁት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ስልክ ጮኸ።

"ጴጤ፣ ሰልፉ አንድ ገጽ አልሳተም። ቲቸርን አመስግንልኝ።"

"ቲቸር የለም፣ እረፍት ላይ ነው።"

"ታዲያ ጋሼ ማንን አሠሩ?"

"ጋሼም የሉም።"

ጣቶቿ አየሩን ሲያጥፉ የማያቸው መሰለኝ።

"ማን ነው ታዲያ ያለው?"

"እኔ" አልኳት።

ሳቋ ስልኩን ሊሰነጥቀው ነበር። ከዛ ቆይ አለችኝና ስልኩን የሆነ ቦታ አስጠጋችው። ማሽን ነው፣ ሲሽከረከር ይሰማል፣ ግራ እግሩ ትንሽ ይንኳኳል፣ አሮጌ ነው፣ ግን ይሄዳል። "ሰማኸው? በኔ መሬት ላይ እያረሰ ነው" አለች። እኔም ስልኬን ወስጄ የኛ ማሽን ላይ ለጠፍኩት። ሁለቱ ማሽኖች ተነጋገሩ፣ እኛ ዝም አልን። ዝም ብዬ አላውቅም፣ ያኔ ግን ዝም አልኩ።